ከዝናብ በኋላ ዓሣው የት ይቆማል? በሜልበርን የጎርፍ ቱቦዎች አፍ ላይ ቦታ አመራረጥ

ሜልበርን ውስጥ ፉትስክሬይ ለምትኖሩ ሰዎች ወንዙ ሩቅ አይደለም። ኒኮልሰን ጎዳና አካባቢ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ቁልቁል ብትወርዱ ማሪቢርኖንግ ዳር ትደርሳላችሁ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ግን የእግር መንገዱን ነው። ልጆች ሳይክል ይነዱበታል፣ እኛ ወሬ እናወራበታለን። ከመንገዱ ሥር፣ እዚህም እዚያም፣ የሲሚንቶ ቱቦ ወደ ወንዙ አፉን ከፍቶ መቀመጡን ልብ የሚል ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ብንሆን «ዲች» ብለን አፍንጫችንን ይዘን የምናልፈው ዓይነት ነገር ነው።

ዝናብ ዘንቦ ሲያባራ ግን እነዚህ ቱቦዎች ለዓሣ ገበታ ይሆናሉ። ገበታው የት እንደሚዘረጋ፣ መቼ እንደሚነሳ፣ የትኛው ደግሞ የተበከለ እንደሆነ ማወቅ ነው ሥራው። እዚህ የምጽፈው ስለ ቦታ አመራረጥ ነው። ስለ ዘንግና መንጠቆ የማነሳው ለዚህ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው።

መጀመሪያ የራሴን ሞኝነት ልንገራችሁ። በጀመርኩበት ዓመት ዝናቡ እየወረደ ሮጬ ሄድኩ። ውሃው እንደ ፏፏቴ ከሚወጣበት ቱቦ አናት ላይ ቆሜ መንጠቆዬን እዚያው አረፋው መሃል ጣልኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ያወጣሁት አንድ ፌስታልና ለአንድ ሳምንት የቆየ ጉንፋን ነው። በማግስቱ በዚያው ስመለስ አንድ ቬትናማዊ አዛውንት ከቱቦው 15 ሜትር ያህል ራቅ ብለው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ዝም ብለው ያወጣሉ። አንዱን ይለቃሉ፣ ሌላውን ያወጣሉ። ቋንቋ ብዙም አላግባባንም። ምን እየሠሩ ነው ብዬ በእጄ ስጠይቃቸው በጣታቸው ውሃው ላይ አንድ መስመር አሳዩኝ። በአንድ በኩል ሻይ በወተት የመሰለ ውሃ፣ በሌላ በኩል ጠቆር ያለ የጠራ ውሃ። ለካ ቱቦውን ሳይሆን ድንበሩን ነው የሚያጠምዱት።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ሁሉ ከዚያ መስመር የተነሳ ነው።

ዓሣው ለምን ቱቦ አፍ ይመጣል?

የማሪቢርኖንግ የታችኛው ክፍል ወንዝም ባሕርም ነው። ከያራ ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ ሆብሰንስ ቤይ የሚባለው ባሕር ከሚገባበት ጀምሮ ሽቅብ እስከ አቮንዴል ሃይትስ ሰፈር ድረስ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት፣ ማለትም ባሕሩ በየቀኑ ከፍና ዝቅ የሚለው፣ ይሰማዋል። ያራም እንዲሁ ነው፤ እሱ አቦትስፎርድ ያለው ዳይትስ ፎልስ ላይ ሲደርስ ይቆማል። በዚህ ክፍል ውስጥ ከሥር የባሕር ጨው ውሃ፣ ከላይ የወንዝ ጨው አልባ ውሃ ተደራርቦ ይተኛል። ምክንያቱ ክብደት ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ከአንድ ሊትር የዝናብ ውሃ ወደ 25 ግራም ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ከቱቦ የሚወጣው ጎርፍ አይሰምጥም፤ በጨው ውሃው ላይ እንደ ዘይት ተንሳፍፎ ይዘረጋል።

ይህንን ያዙልኝ። ላይ ላዩን ውሃው ቢደፈርስም፣ ከአንድ ሜትር በታች ጥርት ያለ ጨው ውሃ ሊኖር ይችላል። ዓሣው እዚያ ቆሞ ወደ ላይ ያያል።

እዚህ ዋናው ዓሣ ጥቁር ብሪም ነው። ጎኑ ሰፋ ያለ፣ ጀርባው እሾኻም፣ ሲያዩት ቅርጹ የሐዋሳን ቀረሶ የሚያስታውስ። ዕድሜውን ሙሉ ማለት ይቻላል በወንዝ አፍ አካባቢ ይኖራል፣ ጨውም ጨው አልባም ይችላል። ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ብሪም ያንን ቱቦ ከእናንተ በፊት ያውቀዋል ማለት ነው። ሙሎዌይ የሚባለው ትልቁ ዓሣም ትንንሾቹን ተከትሎ ይመጣል፣ ግን እሱ የትዕግሥት ጉዳይ ነው።

ጎርፉ ትል ያወርዳል፣ ነፍሳት ያወርዳል፣ ቀንድ አውጣ ያወርዳል። ቱቦው ሥር ደግሞ ውሃው ለዓመታት ሲወርድበት የቆፈረው ጉድጓድ አለ። ሲሚንቶው ላይ ቅርፊታም የባሕር ነፍሳት ይለጠፋሉ። ምግብ፣ ጥልቀትና መጠለያ አንድ ቦታ ተገኙ ማለት ነው።

የጣና ዳር ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። እዚያም ክረምት ሲገባ የጣና ትልልቅ ዓሦች ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣሉ። ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ደፍርሶ የሚወርድ ውሃ ለዓሣ ወሬ ይዞ መምጣቱ ግን ያው ነው።

1. ቦታውን በፀሐይ ቀን ፈልጉ

የዝናብ ቀን ቦታ የሚገኘው በፀሐይ ቀን ነው። በዝናብ ቀን ሁሉም ቱቦ አንድ ይመስላል፤ ሁሉም ይጮኻል፣ ሁሉም ያረፋል። ሥሩን የምታዩት ውሃው ሲጎድል፣ ሰማዩ ሲጠራ ነው።

የሙላትና የጉድለት ሰዓቱን ከአየር ትንበያው መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ እዩና፣ ባሕሩ በጣም በሚጎድልበት ሰዓት ወንዙን ዳር ዳሩን ተራመዱ። ከፉትስክሬይ ፓርክ ጀምራችሁ ወደ ታች ብትሄዱ አንድ ጥዋት ይበቃችኋል። ከመሄዳችሁ በፊት የሳተላይት ካርታ ክፈቱ። ወንዙ ላይ ቀጥ ያለ የሲሚንቶ ጠርዝ፣ ዳሩ ላይ እንደ ጥርስ የጎደለ ቦታ፣ ወይም ውሃው ውስጥ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ደለል ካያችሁ ምልክት አድርጉበት። ብዙውን ጊዜ ቱቦ ነው።

ከላይም መነሳት ይቻላል። ሰፈራችሁ ውስጥ ዝቅ ያለው መንገድ የቱ ነው? ዝናብ ሲዘንብ ውሃው የሚሄድበት አቅጣጫ ወዴት ነው? የመንገድ ዳር ፍርግርጎችን ተከተሉ። አንዳንዱ ላይ የዓሣ ሥዕል ወይም «ይህ ወደ ወንዝ ይሄዳል» የሚል ጽሑፍ አለ። ቆሻሻ አትጣሉ ለማለት ነው የተጻፈው፣ እኛ ግን እንደ አቅጣጫ ጠቋሚም እንጠቀምበታለን።

ሜልበርን ውስጥ ትልልቆቹን የጎርፍ መስመሮች የሚያስተዳድረው ሜልበርን ወተር ነው፤ ከ60 ሄክታር በላይ መሬት የሚያፋስሱት የሱ ናቸው። ከዚያ ያነሱት የየማዘጋጃ ቤቱ ናቸው። ይህ ለአጥማጅ ምን ያደርግለታል? ትልቁ መስመር ከዝናብ በኋላ ለሰዓታት ይፈሳል። የማዘጋጃ ቤቷ ትንሽ ቱቦ ግን ዝናቡ እንዳባራ ብዙም ሳትቆይ ትደርቃለች። ሁለቱም ይጠቅማሉ፣ ሰዓታቸው ግን ይለያያል።

ቱቦው ጋ ስትደርሱ እነዚህን እዩ።

ከአፉ ሥር ጉድጓድ አለ ወይስ ደለል ተከምሮበታል? ጉድጓድ ካለ ጥሩ ነው። ደለሉ ውሃው ሲጎድል የሚታይ ደሴት ከሠራ ግን ዓሣው የሚቆመው ከደለሉ ጫፍ ባሻገር፣ ውሃው በድንገት ከሚጠልቅበት ነው። ርቀቱን በእርምጃ ለክታችሁ ያዙት፤ በኋላ ውሃው ሲሸፍነው አይታይም።

በአቅራቢያው ምን አለ? የድልድይ ምሰሶ፣ የወደቀ ዛፍ፣ የድሮ ወደብ እንጨት፣ የድንጋይ ክምር ካለ ሁለት እጥፍ ነጥብ ስጡት። ብሪም ባዶ ሜዳ አይወድም። ቱቦው ብቻውን ከሆነ እንግዳ ነው የሚያልፍበት፤ ምሰሶ ካለው ነዋሪ አለው።

ጫፉ ላይ ክዳን አለው? አንዳንዱ ቱቦ ከላይ የተንጠለጠለ ከባድ ክዳን አለው። የባሕሩ ውሃ ወደ ሰፈር እንዳይመለስ ነው። እንዲህ ያለው ቱቦ ባሕሩ ሲሞላ ይዘጋል፣ ሲጎድል ከውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ገፍቶት ይከፈታል። ይህን ካወቃችሁ በሙላት ሰዓት ቆማችሁ «ዛሬ አይፈስም» ብላችሁ አትመለሱም።

ዝናብ ሳይኖርም የሚንጠባጠብ ነገር አለ? ካለ ቀለሙንና ሽታውን ልብ በሉ። በኋላ እመለስበታለሁ።

በመጨረሻ የምትቆሙበትን ቦታ ፈልጉ። በደረቁ ቀን የማይመች መቆሚያ በዝናብ ቀን አደገኛ ነው። የሚያንሸራትት አረንጓዴ ነገር የለበሰ ዘንበል ያለ ሲሚንቶ ላይ ላለመቆም ለራሳችሁ ቃል ግቡ።

2. ዝናቡን ለኩት

የሜልበርን ዝናብ እንደ አዲስ አበባ ሐምሌ አይደለም። ከተማዋ በዓመት የምታገኘው ወደ 650 ሚሊ ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ታገኛለች። እዚህ ቀኑን ሙሉ ያንጠባጥብና ምሽት ላይ ብትጠይቁ 4 ሚሊ ሜትር ነው ይሏችኋል። እንዲህ ያለው ዝናብ አፈሩን ያረጥባል እንጂ ቱቦውን አያስነሳም።

የኔ ልማድ ይህ ነው። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ቤቴ እቀመጣለሁ። ከ10 እስከ 20 በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከወረደ ጫማዬን አዘጋጃለሁ። ከ40 በላይ ከሆነ ደግሞ እንደገና እቀመጣለሁ፤ ወንዙ ራሱ ጎርፍ ይሆናል። ይህ ለኔ ሰፈር የሠራልኝ ሚዛን ነው፣ የናንተን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

ከመጠኑ በላይ የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት የነበረው ድርቀት ነው። በጋው ላይ፣ ጥርና የካቲት፣ ለሦስት ሳምንት ጠብ ሳይል ቆይቶ የሚመጣ የመጀመሪያ ዝናብ የመንገዱን ሁሉ ቆሻሻ ጠርጎ ያወርዳል። የመኪና ዘይት፣ የፍሬን ብናኝ፣ የውሻ ኩስ፣ የሲጋራ ቁራጭ። ቅጠሉም ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይበላል። ያን ቀን ዓሣ ቢመጣም ለመሸሽ ነው የሚመጣው። ሁለተኛውን ዝናብ ጠብቁ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ እነሱ ጸደይ በሚሉት፣ ዝናቡ ስለሚደጋገም ቱቦዎቹ የታጠቡ ናቸው። ለኔ ምርጡ ወቅት እሱ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር። ማሪቢርኖንግ የሚሞላው ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው የሰፈሩ ጎርፍ ነው፤ በየቱቦው ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ይሄዳል። ሁለተኛው ከላይ ከገጠሩ፣ ጃክሰንስ ክሪክና ዲፕ ክሪክ ከሚገናኙበት ወገን የሚወርደው ነው። እሱ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ከደረሰ ደግሞ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ይሆናል። ያኔ ድንበር የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም አንድ ነው። የኔ መስኮት በሁለቱ መሃል ያለው ጊዜ ነው። ላይኛው አገር ካልዘነበና ዝናቡ ከተማው ላይ ብቻ ከሆነ መስኮቱ ይሰፋል። ስለዚህ የዝናብ ራዳሩን ስታዩ የራሳችሁን ሰፈር ብቻ አትዩ።

ጥቅምት 2022 የደረሰውን የምታስታውሱ አላችሁ። በፈረንጆቹ ጥቅምት 14 ወንዙ ማሪቢርኖንግ ሰፈር ውስጥ ከ4 ሜትር በላይ ወጥቶ ቤቶች ውስጥ ገባ። ያን ዓይነት ውሃ የአጥማጅ ጉዳይ አይደለም።

3. ሰዓቱን ከጉድለቱ ጋር አስማሙ

ፖርት ፊሊፕ የሚባለው ባሕረ ሰላጤ አፉ ጠባብ ስለሆነ ሙላቱና ጉድለቱ ከአንድ ሜትር አያልፍም። ትንሽ ነው። ቱቦ አፍ ላይ ግን ትንሿ ትበቃለች።

ባሕሩ ሲሞላ ውሃው ቱቦው ውስጥ ተመልሶ ይገባል፤ ጎርፉ ይታፈናል። መጉደል ሲጀምር የታፈነው ሁሉ ይለቀቃል። ምግቡ የሚወጣው ያኔ ነው። ስለዚህ ዝናቡ ካባራ በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ጉድለት ያዙ፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት። ይህ ጉድለት ከንጋት ወይም ከምሽት ጋር ከገጠመ ሚስትም ባልም «የት ነው የምትሄደው» ቢሉ መልስ አለ ማለት ነው።

ጉድለቱ ሲያልቅ ቱቦው ሥር ያለው ውሃ ይሳሳል፣ ብሪሙ ይፈራል። ያኔ ወደ ጉድጓዱ ወይም ወደ ድልድዩ ምሰሶ ተሸጋገሩ።

4. ድንበሩን ፈልጉ

ደረሳችሁ። ዘንጋችሁን አትዘርጉ። አምስት ደቂቃ ቁሙና ውሃውን እዩ። ፖላራይዝድ መነጽር ካላችሁ አድርጉት፤ ነጸብራቁን ያጠፋልና ልዩነቱ አዲስ ዓይን እንደ ማግኘት ነው።

የደፈረሰው ውሃ ከቱቦው ወጥቶ እንደ ምላስ ይዘረጋል። ወንዙ ወደሚሄድበት ይታጠፋል። የምላሱ ጠርዝ ላይ አረፋ፣ ቅጠል፣ ቁርጥራጭ ቆሻሻ ተሰልፎ ታያላችሁ። ድንበሩ እሱ ነው። የአረፋው መስመር ቀጥ ብሎ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ከተጠመዘዘ ወይም ከቆመ፣ ከሥሩ ጉድጓድ ወይም ድንጋይ አለ። እዚያች ጥምዝ ላይ ነው ጊዜያችሁን የምታጠፉት።

ምላሱ ውስጥ አትጣሉ። ዓሣው የጠራው በኩል ቆሞ፣ አፍንጫውን ወደ ደፈረሰው አድርጎ፣ የሚመጣለትን ይጠብቃል። ሰው ምግብ ቤት በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ እንደማለት ነው፤ ኩሽና ውስጥ አይገባም።

ወፎችም ይናገራሉ። ጥቁሮቹ ጠላቂ ወፎች አንድ ቦታ ደጋግመው ከጠለቁ ትንንሽ ዓሣ አለ። ትንንሾቹ ወደ ላይ ብልጭ ብልጭ ካሉ ደግሞ ከሥር የሚያባርራቸው አለ። በተቃራኒው ዓሦች ላይ ላዩን አፋቸውን ከፍተው አየር የሚስቡ ከመሰሉ ዕቃችሁን አንሱ። ውሃው ኦክስጅን አጥሮታል፤ እነዚያ የተራቡ ሳይሆኑ የታመሙ ዓሦች ናቸው።

ድንበሩ ባይታይስ? ማታ ወይም ደመና ሲሆን አይታይም። ያኔ ፌርማታ በፌርማታ ነው። ከቱቦው 5 ሜትር፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 15፣ ከዚያ 20 እያላችሁ ወደ ታች ውረዱ። በየቦታው ሩብ ሰዓት። ከሩብ ሰዓት በላይ ካልነካ ቦታው አይደለም።

5. መጣል

ባጭሩ። ሁለት ሜትር ገደማ ቀለል ያለ ዘንግ፣ 3 ኪሎ የሚችል ክር፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ክሩ ላይ የሚንሸራተት ትንሽ እርሳስ። ከድንበሩ አሻግራችሁ፣ ከላይ በኩል ጣሉና ውሃው ራሱ ወደ ድንበሩ እንዲያመጣው ተዉት። ክሩ ሳይወጠር፣ ሳይላላም። ብሪም መጀመሪያ ይቀምሳል። ሁለት ጊዜ ነካ ነካ ሲያደርግ ከሳባችሁ ሄደ፤ ይዞ ሲሄድ ጠብቁት።

ለማባበያ ከዝናብ በኋላ የምድር ትልን የሚያህል የለም። ጎርፉ የሚያወርደው እሱን ነውና ዓሣው እሱን ነው የሚጠብቀው። ጓሯችሁ ውስጥ ድንጋይ ገልብጡ፣ ነጻ ነው። ከሱፐርማርኬት የተገዛ ጥሬ ሽሪምፕ ግን መንጠቆ ላይ አታድርጉ። ለምግብ የገባ ሽሪምፕ የሽሪምፕ በሽታ ተሸክሞ ወደ ወንዝ ሊገባ ይችላል፤ የአውስትራሊያ ባለሥልጣናት ደጋግመው የሚያስጠነቅቁት ነው። ማሸጊያው ላይም ለማጥመጃ እንዳይውል ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሽሪምፕ ከፈለጋችሁ ከአጥማጆች ሱቅ ግዙ።

6. ልትሸሿቸው የሚገቡ ቱቦዎች

እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ስቶኒ ክሪክ የሚባል ትንሽ ወንዝ አለ፤ ያራቪል አጠገብ፣ ዌስት ጌት ድልድይ ሥር፣ ማንግሮቭ የሚባሉ በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅሉ ዛፎች ባሉበት ረግረግ በኩል ያራ ውስጥ ይገባል። መልኩን ላየው ሰው የአጥማጅ ገነት ነው። ነሐሴ 30 ቀን 2018፣ በፈረንጆቹ፣ ዌስት ፉትስክሬይ ያለ የኬሚካል መጋዘን ተቃጠለ። እሳቱን ያጠፋው ውሃ ኬሚካሉን ይዞ በጎርፍ ቱቦ ወደ ወንዙ ገባ። ብዙ ዓሣ ሞቶ ተንሳፈፈ። መጋዘኑ ከማንግሮቩ ኪሎ ሜትሮች ይርቃል። የቱቦ ነገር እንዲህ ነው፤ እናንተ የምታዩት አፉን ነው፣ ሆዱ ግን ሌላ ሰፈር ነው ያለው።

ስለዚህ ከመረጣችሁት ቱቦ ጀርባ ምን እንዳለ ካርታ ላይ እዩ። መኖሪያ ቤት፣ መናፈሻ፣ ትምህርት ቤት ከሆነ ይሁን። ፋብሪካ፣ ጋራዥ፣ መጋዘን፣ ቆሻሻ ማከማቻ ከሆነ እለፉት፤ ዓሣ ቢዘልበትም እለፉት።

ዝናብ ሳይኖር የሚንጠባጠበውን ልብ በሉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ቀስተ ደመና የሚሠራ የዘይት ሽፋን፣ የሳሙና አረፋ፣ ግራጫ ውሃ፣ የሽንት ቤት ሽታ፣ በቱቦው ዳር የተጣበቀ ግራጫ ዝቃጭ ካያችሁ የሆነ ሰው የማይገባውን ነገር እያፈሰሰ ነው። ለአካባቢ ጥበቃው ባለሥልጣን በ1300 372 842 ደውሉ። እኔ ሁለት ጊዜ ደውያለሁ።

ዋሽንግተን ያላችሁ ወገኖቼ ይህን አንብባችሁ አናኮስቲያ ወንዝ እንዳትሮጡ። ሜልበርን ውስጥ የጎርፉና የሽንት ቤቱ መስመር የተለያየ ነው። ዋሽንግተን ግን በከተማዋ አንድ ሦስተኛ ገደማ፣ በድሮው ክፍል፣ ሁለቱም በአንድ ቱቦ ነው የሚሄዱት፤ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ሞልቶ ወንዝ ሊገባ ይችላል። እናንተ ጋ የዝናብ ማግስት የዕረፍት ቀን ነው።

7. ራሳችሁን ጠብቁ

ቱቦ ውስጥ አትግቡ። ደርቆ ቢታይ፣ ልጁ ኳሱ ቢገባበት፣ መንጠቆ ቢያዝ፣ አትግቡ። እናንተ ጋ ፀሐይ ወጥቶ ሦስት ኪሎ ሜትር ከላይ ሊዘንብ ይችላል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይህ ነው።

ከአፉ ፊት ለፊትም አትቁሙ፤ ጎን ለጎን ቁሙ። መብረቅ ካለ ዘንጉን አስቀምጡ፤ ካርቦን ነው፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በሙቀቱ ወራት የወንዙ ዳር ሣር ውስጥ ታይገር የሚባል መርዛም እባብ አለ፤ ረጅም ሱሪና ዝግ ጫማ አድርጉ፣ እየረገጣችሁ ሂዱ። መርፌም አይጠፋም፤ ሣር ውስጥ በባዶ እጅ አትዳብሱ።

የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ከከባድ ዝናብ በኋላ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቱቦና ወንዝ አፍ አጠገብ እንዳትዋኙ ይመክራል። የምናጠምደው በዚያው ሰዓት ውስጥ መሆኑን አትርሱ። ስለዚህ ወደ ውሃው አትግቡ፣ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ሸፍኑት፣ የሚበላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት በሳሙና ታጠቡ። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃና ሳሙና አይጠፋም። ያን የረሳሁ ቀን ሳንድዊቼን ለወፍ እሰጣለሁ።

8. ፈቃዱና ድስቱ

ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛት ውስጥ ዕድሜው ከ18 እስከ 69 ዓመት የሆነ ሰው ለማጥመድ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በስልክ ይገዛል፣ ደቂቃ አይወስድም። አንዳንድ የቅናሽ ካርድ ያላቸው ነጻ ናቸው። ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ፣ «አላወቅሁም» አይሠራም። ብሪም ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ 28 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ ይለቀቃል። በቀን ከ10 በላይ መያዝ አይፈቀድም። መለኪያ ያዙ፤ ዓይን ሁልጊዜ 2 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል።

ይበላል ወይ? እናቴ በስልክ ይህን ነው ቀድማ የጠየቀችኝ። ስለ ታችኛው ያራና ማሪቢርኖንግ ዓሣ ከመንግሥት የወጣ ምክር አለ፤ መጠኑን ቀንሱ ይላል፣ በተለይ ነፍሰ ጡሮችና ልጆች። ከማብሰላችሁ በፊት አንብቡት። የኔ ሕግ ግን ከዚያ የጠበቀ ነው፦ ከቱቦ አፍ ያወጣሁትን አልበላም። መንጠቆውን ውሃው ውስጥ እንዳለ አወልቅለትና ይሄዳል። የሚበላ ዓሣ ስፈልግ ዝናብ በሌለበት ሳምንት ከከተማው ራቅ ወዳለ የባሕር ዳር እሄዳለሁ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቼዋለሁ፤ የቱቦው ዓሣ ግን በፍስክም አይበላም።

9. ደብተር

ስልክ ላይም ይሆናል፤ እኔ የልጄን የድሮ የትምህርት ቤት ደብተር ነው የምጠቀመው። በየጉዞው አንድ መስመር። ስንት ሚሊ ሜትር ዘነበ፣ ካባራ ስንት ሰዓት ሆነው፣ ጉድለቱ መቼ ጀመረ፣ ነፋሱ ከየት ነበር፣ ድንበሩ ከቱቦው ስንት እርምጃ ላይ ነበር፣ ምን ነካ። ባዶ የተመለሳችሁበትንም ጻፉ፤ እንዲያውም እሱን አስቀድሙ።

መጀመሪያ ስጀምር ካርታዬ ላይ 11 ቱቦ ምልክት አድርጌ ነበር። አራቱን ሽታቸው አስወጣቸው። ሁለቱ ጀርባቸው ፋብሪካ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ደለል ሞላበት። አንዱ መቆሚያ የለውም። ሦስት ቀሩኝ። የት እንደሆኑ አልነግራችሁም፤ አንዱ ላይ ግን በርጩማ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ካያችሁ ሰላምታ ስጡና 20 ሜትር ራቅ ብላችሁ ቁሙ።